ቆጠራና ጥያቄ፤ ስለ ተማሪዎች የመመረቂያ ምርምር የቀረበ ሒስ

በዚህ መጽሔት ተማሪዎች የምርምራቸውን ውጤት ሲያቀርቡበት ቆይተዋል። እኛ ዛሬ የምናቀርበው ግን አዲስ ውጤት አይደለም፤ በጄኔቲክስ፣ በማይክሮባዮሎጂና በቫይሮሎጂ ትምህርት ለመመረቂያ ከሚጻፉት የምርምር ጽሑፎች የቻልነውን ያህል አንብበን የታየንን ጉድለት ለመናገር ነው። ሒሱ በማንም ተማሪ ወይም በማንም መምህር ላይ የተቃጣ አይደለም። ጽሑፎቹን በስም ያልጠራንበትም ምክንያት ጉድለቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የልማድ ስለ ሆነ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ልማድ የሚታረመው ሥሩ ሲታይ ነውና ከሥሩ እንጀምራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ክሳችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ካነበብናቸው ጽሑፎች የሚበዙት ይቈጥራሉ እንጂ አይጠይቁም።

የጽሑፉን ሽፋን ስናይ አርእስቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በአንድ ሆስፒታል ከሽንት፣ ከቍስል ወይም ከሰገራ ናሙና የተገኙ ባክቴሪያዎች ምን ያህል እንደ ሆኑ፣ የትኞቹንም መድኃኒቶች እንደ ተላመዱ ይነግረናል። ከተማው ይለወጣል፤ ናሙናው ይለወጣል፤ ዓመቱ ይለወጣል፤ የቀረው ሁሉ ግን እንዳለ ነው። በመጨረሻውም ምዕራፍ ችግሩ አሳሳቢ መሆኑ፣ ለሕዝብ ትምህርት መሰጠት እንዳለበት፣ ወደ ፊትም ሰፋ ያለ ጥናት ማድረግ እንደሚያስፈልግ ይነገራል። የተላመዱት ባክቴሪያዎች ከመቶ 20 ቢሆኑም ከመቶ 60 ቢሆኑም መደምደሚያው አንድ ዓይነት ከሆነ ቍጥሩ ምን ሥራ ሠራ? ተማሪው ናሙና ሳይሰበስብ አስቀድሞ ሊጽፈው የሚችለው መደምደሚያ ከምርምሩ የተገኘ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ይህን ስንል ቆጠራን መናቃችን አይደለም። ሐኪሙ የላቦራቶሪው መልስ እስኪደርስለት ሳይጠብቅ መድኃኒት የሚያዝበት ጊዜ ብዙ ነው። በአካባቢው የትኛው መድኃኒት እንደማይሠራ የሚነግረው ቆጠራ ብቻ ነው። ነገር ግን ለዚህ አገልግሎት የሚውል ቆጠራ የታመነ መሆን አለበት። ስለዚህ ቆጠራውን እንኳ በራሱ ሚዛን እንመዝነው።

በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ እንደ ጸሎት የሚደጋገም አንድ ቍጥር አለ፤ እርሱም 384 ነው። ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ ተማሪው ቀመሩን ይጽፋል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። የሚፈለገው ነገር በሕዝቡ መካከል ከመቶ 50 ነው ተብሎ ይገመታል፤ ስሕተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከመቶ 5 እንዳያልፍ፣ እርግጠኝነቱም ከመቶ 95 እንዲሆን ይፈለጋል። 1.96 በራሱ ይባዛል፤ የተገኘው በ0.5 ሁለት ጊዜ ይባዛል፤ ከዚያ በኋላ 0.05 በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ቍጥር ሲካፈል 384 ይወጣል። መልስ የማይሰጡ ሰዎች ይኖራሉ ተብሎ ከመቶ 10 ሲጨመርበት 422 ይሆናል።

ቀመሩ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ለአንድ ጥያቄ የተሰላውን ቍጥር ለሌላ ጥያቄ ማዋሉ ላይ ነው። 384 የሚመልሰው ከሕሙማኑ ስንቶቹ ባክቴሪያው ተገኘባቸው የሚለውን ነው። አርእስቱ ግን ስለ መድኃኒት መላመድ ነው። ለምሳሌ ያህል ከ384 ሕሙማን በ60ዎቹ ባክቴሪያ ተገኘ እንበል። እንግዲህ ስለ መላመድ የምንናገረው በ60 ላይ ቆመን እንጂ በ384 ላይ ቆመን አይደለም። ከ60ው ግማሹ ተላምዶ ቢገኝ የስሕተቱ ወሰን ከመቶ 5 መሆኑ ቀርቶ ወደ 13 ይጠጋል። 60ው ደግሞ በስድስት ወገን ተከፍሎ ለያንዳንዱ 10 ቢደርሰው፣ ከ10ሩ አምስቱ ተላመዱ ማለት እውነተኛው መጠን ከመቶ 20 እስከ 80 ድረስ በየትም ቦታ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ይህን ቍጥር «ከመቶ 50» ብሎ በሠንጠረዥ አስፍሮ፣ በእርሱም ላይ ተመሥርቶ ይህ መድኃኒት አይሰጥ ብሎ መምከር ለሕመምተኛው አደጋ አለው።

ሌላም ነገር አለ። ናሙና የተወሰደባቸው ሰዎች እነማን ናቸው? ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልኮ የመጣ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ በጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው ነው። እንዲህ ባለው ሰው ላይ የተላመደ ባክቴሪያ መገኘቱ ከሌላው ሰው ይልቅ የሚጠበቅ ነው። ከዚህም የተነሣ በሆስፒታሉ የተገኘው ቍጥር የከተማው ቍጥር ሆኖ ሲጻፍ የመላመዱ መጠን ካለው በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ተማሪው «ባለፈው ወር መድኃኒት ወስደዋልን?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በሁለት ከፍሎ ቢያሳይ ኖሮ ያው 384 ናሙና ሌላ ታሪክ በነገረን ነበር።

ስለ አሠራር የሚናገረውም ምዕራፍ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ የሚሻገር ሆኖአል። ባክቴሪያው በሚዘራበት አጋር ላይ መድኃኒት የተነከረ ክብ ወረቀት ተቀምጦ፣ በዙሪያው ምንም ያልበቀለበት ክብ ስፋቱ ይለካል። የአጋሩ ውፍረት 4 ሚሊሜትር እንዲሆን፣ የሚዘራውም ባክቴሪያ በማክፋርላንድ ልክ 0.5 እንዲሆን የታዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። አጋሩ ከወፈረ ወይም የተዘራው ከበዛ ክቡ ይጠብባል፤ በመድኃኒቱ የሚሞተውም ባክቴሪያ የተላመደ መስሎ ይታያል። ይህን ስሕተት የሚያጋልጠው ጠባዩ የታወቀ መመዘኛ ባክቴሪያ ነው፤ ለምሳሌ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 25922 በሚል ቍጥር የሚታወቀው ኢ. ኮላይ። ጽሑፎቹ መመዘኛው በሥራ ላይ መዋሉን ይናገራሉ። በየቀኑ የሰጠውን ልክ በሚሊሜትር ጽፎ የሚያሳይ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ያለዚህ ልክ አንባቢ ማመን እንጂ መመርመር አይችልም።

እስካሁን የተናገርነው ቆጠራው በራሱ ሚዛን ቢመዘን የሚጐድለውን ነው። ዋናው ነገራችን ግን ስለ ጥያቄ ነውና፣ አንድ ተማሪ ጥያቄ ይዞ ሲነሣ ምን እንደሚሆን በሌላ አገር ከተደረገው እንመልከት።

ሌደርበርግና ቴተም በ1946 ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ እርስ በርሱ ተገናኝቶ የዘር ጠባይ እንደሚለዋወጥ ገለጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኖርተን ዚንደር የተባለ ወጣት በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሌደርበርግ ተማሪ ሆነ። ለምርምሩ የተሰጠው ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ሳልሞኔላስ እንዲሁ ያደርጋልን? ዚንደር የተለያየ ምግብ ለራሳቸው መሥራት የተሳናቸውን ሁለት የሳልሞኔላ ዝርያዎች አዘጋጀ። አንዱ የሚጐድለውን ሌላው መሥራት ይችላል፤ ሁለቱም ብቻቸውን በደኸየ ምግብ ላይ አይበቅሉም። ቀላቅሎ በዚያ ምግብ ላይ ሲዘራቸው ጥቂት ኮሎኒዎች በቀሉ።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ብዕሩን ባስቀመጠ ነበር። የተጠበቀው ተገኝቷል፤ «ሳልሞኔላም ይገናኛል» ተብሎ ይጻፋል፤ ዲግሪው ይሰጣል። እርሱ ግን ሐሳቡ ሊወድቅ የሚችልበትን ፈተና አደረገ። እንደ ዩ ፊደል በታጠፈ የመስተዋት ቱቦ ሁለቱን ዝርያዎች በሁለቱ ክንዶች አኖረ፤ በመካከላቸው ባክቴሪያ የማያሳልፍ ማጣሪያ ነበረ። ለመገናኘት መነካካት ግድ ከሆነ አሁን ምንም መብቀል አልነበረበትም። ነገር ግን በቀለ። እንግዲያውስ ከሞተው ባክቴሪያ ወጥቶ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፍ ዲ.ኤን.ኤ. ይሆናልን? ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚፈጭ ኢንዛይም ጨመረበት፤ አሁንም በቀለ። በመጨረሻ የተደረሰበት ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር፤ የአንዱን ባክቴሪያ የዘር ቅንጣት ተሸክሞ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ይህ በ1952 ታተመ፤ ስሙም ትራንስዳክሽን ተባለ።

እንግዲህ ጥያቄው የጄኔቲክስ፣ አሠራሩ የማይክሮባዮሎጂ፣ መልሱ የቫይሮሎጂ ነበረ። ለዚህ ያበቃው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ አንድ ማጣሪያና አንድ ኢንዛይም፣ ከሁሉም በላይ «አይደለም» የሚል መልስ ሊሰጥ የሚችል ጥያቄ ነው።

ከእርሱ በፊት ካልቪን ብሪጅስ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በቶማስ ሞርጋን ዘንድ የሠራው የዶክተርነት ጽሑፍም ይህንኑ ያስተምራል። ዓይነ ነጭ የሆነች የፍራፍሬ ዝንብ ዓይነ ቀይ ከሆነ ወንድ ስትወልድ ሴቶቹ ልጆች ሁሉ ዓይነ ቀይ፣ ወንዶቹ ሁሉ ዓይነ ነጭ መሆን ነበረባቸው። ነገር ግን ከሁለት ሺህ ያህል አንድ ከሕጉ የወጣች ዝንብ ትገኝ ነበር። በእኛ ጽሑፎች ዘንድ እንዲህ ያለው ከሠንጠረዡ ግርጌ «ሌሎች» ተብሎ የሚጣል ነው። ብሪጅስ ግን የተጣለውን አነሣ። እናቲቱ ሁለቱን የኤክስ ክሮሞሶሞች ሳትለይ ለአንድ እንቍላል ሰጥታ እንደ ሆነ፣ እንዲህ ያለችው ሴት ልጅ ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ይኖራት ዘንድ ግድ ነው ብሎ አስቀድሞ ተናገረ፤ በማይክሮስኮፕም አይቶ እውነት ሆኖ አገኘው። በ1916 ጄኔቲክስ የተባለው መጽሔት ሲጀመር በመጀመሪያው ገጹ የታተመው ይህ የተማሪ ሥራ ነው። ጂኖች በክሮሞሶም ላይ መኖራቸው በዚህ ተረጋገጠ።

አንባቢያችን «እነዚያ ገንዘብና መሣሪያ ያላቸው ናቸው፤ እኛ ግን ዲስክና አጋር እንኳ እየለመንን ነው» ይለን ይሆናል። ችግሩን አንክድም። ነገር ግን አልፍሬድ ስተርትቫንት ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለ በ1911 መጨረሻ የመጀመሪያውን የጂኖች ካርታ የሠራው ሌሎች ቀድመው በሰበሰቡት ቍጥር በአንድ ሌሊት ነው፤ በ1913ም ታተመ። ያደረገው አዲስ ናሙና መሰብሰብ ሳይሆን በአሮጌው ቍጥር ላይ አዲስ ጥያቄ መጠየቅ ነበር፤ ሁለት ጂኖች አብረው የሚወረሱበትና የሚለያዩበት መጠን በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይነግረን ይሆንን? በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ በአንድ ሆስፒታል በተለያዩ ዓመታት የተሠሩ ጽሑፎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ የአሥር ዓመቱን አንድ ላይ አድርጎ መላመዱ ከየትኛው መድኃኒት ጀምሮ እንደ ጨመረ የጠየቀ ጽሑፍ ግን አልገጠመንም። ይህ ከወረቀትና ከትዕግሥት በቀር ወጪ የለውም።

የላቦራቶሪ ሥራ ለሚፈልግም መንገድ አለ። በ1959 በጃፓን ኦቺያይና አኪባ የተባሉ ሊቃውንት በየፊናቸው እንዳሳዩት፣ የተቅማጥ አምጪው ሺጌላ ብዙ መድኃኒቶችን የመላመድ ጠባዩን በአንድ ጊዜ ለኢ. ኮላይ ማስተላለፍ ይችላል፤ ከኢ. ኮላይም ይቀበላል። እንግዲህ ተማሪው «ይህ ባክቴሪያ አምፒሲሊንን ተላምዷል» ብሎ ከሚያቆም «ይህን ጠባይ ለጎረቤቱ ያስተላልፋልን?» ብሎ ይጠይቅ። አምፒሲሊን የሚገድለው፣ ሶድየም አዛይድን ግን የሚችል ጄ 53 የተባለ የላቦራቶሪ ኢ. ኮላይ አለ። ከሕመምተኛው የተገኘው ባክቴሪያ አዛይድ የሚገድለው መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ሁለቱ በአንድ ፈሳሽ አብረው አድረው አምፒሲሊንም አዛይድም ባለበት አጋር ላይ ይዘራሉ። ሁለቱም ለየብቻ በዚያ አጋር ላይ አይበቅሉም፤ ይህም ተዘርቶ መታየት አለበት። ከቅልቅሉ የበቀለ ቢኖር መላመዱን የተቀበለው ጄ 53 መሆኑ ይመረመራል። ተማሪው የዚንደርን ማጣሪያና ኢንዛይም ቢጨምርበት መንገዱም መነካካት ይሁን፣ ዲ.ኤን.ኤ. ይሁን፣ ቫይረስ ይሁን መለየት ይጀምራል።

ባይበቅልስ? ያም መልስ ነው። መላመዱ በክሮሞሶሙ ላይ የተቀመጠ፣ ወይም በዚህ አሠራር የማይተላለፍ መሆኑን ያመለክታል። አንድ ጊዜ አለመብቀሉ ፈጽሞ አይተላለፍም ለማለት ባይበቃም፣ ቀጣዩ ተማሪ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ለሆስፒታሉም ልዩነቱ ትልቅ ነው። የሚተላለፍ መላመድ ከአንድ አልጋ ወደ ሌላው ብቻ ሳይሆን ከአንዱ የባክቴሪያ ወገን ወደ ሌላው ይሻገራል፤ አንዱን መድኃኒት ያለ አግባብ መስጠትም ሌሎቹን አብሮ ሊያጠፋ ይችላል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን ባክቴሪያው መኖር አለበት። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያሳዝነውን ልማድ እናነሣለን። ጽሑፉ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የተጻፈባቸው ባክቴሪያዎች ግን ከመመረቂያው ቀን በፊት ይጣላሉ። ከዚያ በኋላ ስለ እነርሱ የሚጠየቅ ጥያቄ ሁሉ መልስ የለውም። ተቃራኒውን ከአገራችን ታሪክ እንጥቀስ። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እንሰትን የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ ለይተው ዛንቶሞናስ ሙሳሴአሩም ብለው የሰየሙበት ጽሑፍ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ባክቴሪያው ግን አልተጣለም፤ በእንግሊዝ አገር በሚገኘው የእፀዋት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ማኖሪያ 2005 በሚል ቍጥር ተቀመጠ። በ1974 በሽታው በሙዝ ላይም መታየቱን ራሳቸው ጻፉ። በ2001 በዩጋንዳ ሙዝ ላይ ሲነሣ ሊቃውንት አዲሱን ከአሮጌው ጋር ሊያስተያዩ ቻሉ፤ በ2020ም የባክቴሪያው ወገን ከዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ጋር መሆኑ በዲ.ኤን.ኤ. ተመርምሮ ስሙ ተለወጠ። ሁለት ገጽ ጽሑፍና አንድ የተጠበቀ ባክቴሪያ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንኳ ይጠየቃሉ፤ ይመልሳሉም። መቶ ገጽ ጽሑፍ ያለ ባክቴሪያው ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንደሚባለው ነው።

ከባክቴሪያው ጋር የሚጠበቀው ሌላው ነገር የዕለት መዝገብ ነው። በ1943 በአሜሪካ በራትገርስ የዋክስማን ተማሪ የነበረው አልበርት ሻትስ ከአፈርና ከዶሮ ጕሮሮ ካገኛቸው ሁለት ዝርያዎች ስትረፕቶማይሲንን አገኘ። መድኃኒቱ የሳንባ ነቀርሳን ለማከም የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ሆነ። ፍለጋውን ያቀደው መምህሩ፣ ዝርያዎቹን ለይቶ የመረመራቸው ተማሪው ነበር። በኋላ የግኝቱ ክብር በአብዛኛው ለመምህሩ ሲሰጥ ሻትስ በ1950 ክስ መሠረተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በስምምነት አብሮ አግኚ መሆኑ ታወቀለት፤ የ1952 የኖቤል ሽልማት ግን ለዋክስማን ብቻ ተሰጠ። ራትገርስ ሻትስን በሜዳልያ ያከበረው በ1994 ነው። ለሻትስ ከሰው ቃል ሁሉ ይልቅ የሚመሰክርለት ቀን እየጻፈ ሙከራውን ያሰፈረበት መዝገብ ነው፤ አሥራ አንደኛው ሙከራ በነሐሴ 23 ቀን 1943 መጀመሩ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። እኛ ዘንድ መዝገቡ ብዙውን ጊዜ የተማሪው የግል ደብተር ነው፤ ሲመረቅ ይዞት ይሄዳል ወይም ይጠፋል። መዝገብ ከሌለ ሥራው የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም፤ ስሕተቱም ከየት እንደ ገባ የሚፈለግበት የለም።

ስለዚህ ከሁለቱም ወገን የምንጠብቀውን እንናገር። ተማሪው በጽሑፉ መጀመሪያ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ከዚያም የትኛው ውጤት ቢገኝ ሐሳቡ እንደሚወድቅ ይግለጥ። የናሙናውን ብዛት ከልማድ ሳይሆን ከጥያቄው ያውጣ። የመመዘኛውን ባክቴሪያ ልክ በየቀኑ ጽፎ ያሳይ። ከሕጉ የወጣውን ውጤት በ«ሌሎች» ሥር አይቅበር።

መምህራን ደግሞ የጠበቁት ስላልተገኘ ብቻ አንድን ጽሑፍ ዝቅ ያለ ማዕረግ አይስጡት። ተማሪው በሰላም ለመመረቅ ሲል የታወቀውን አርእስት የሚመርጠው ይህን ስለሚፈራ ነው ብለን እናምናለን፤ ፍርሃቱን የሚያስወግዱለትም እነርሱ ናቸው። ክፍሎቹም ጽሑፍ ሲረከቡ ባክቴሪያዎቹንና የዕለት መዝገቡን አብረው ይረከቡ። ለዚህ አንድ በጥልቅ የሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ፣ ጥቂት ግሊሰሮልና ቍጥሮቹን በጥንቃቄ የሚመዘግብ አንድ ሰው ይበቃል።

የሚመጣው ዓመት ተመራቂ የመጀመሪያውን ገጽ ሳይጽፍ ይህን ለራሱ ይጠይቅ፤ «ይህ ሥራ እኔ ከጠበቅሁት ሌላ ነገር ሊነግረኝ ይችላልን?» አይችልም ከሆነ አርእስቱን ለመለወጥ ገና ጊዜ አለው።